ቁልቁል ድምር

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬም እንቁላል ሳገላብጥ ዋልኩ። ስምንት ትሪ፣ በየትሪው መቶ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ መፈልፈያ ክፍል ገባ።
"እማማ፣ ጫጩቱ አንሷል። እጅዎ ደከመ መሰለኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ እናያለን።"
ምኑን ነው የሚያየው? ሊያባርረኝ ነው…

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ኮሌጅ ሒሳብ ታስተምራለች፤ ምላሷ የእናቷ ነው። ደብተሬን አየች፤ የአስራ አራት ዙር፣ ከየትሪው የተፈለፈለው።
"አክስቴ፣ ይሄ እኮ ማትሪክስ ነው!"
"ስድብ ነው?"
"ረድፍና ዓምድ ያለው የቁጥር ሰንጠረዥ ነው።"
ኮምፒውተሯ ላይ ማትላብ የሚሉትን የሒሳብ ፕሮግራም ከፈተች። ሰንጠረዡን በሙሉ እንደ አንድ ነገር ይዞ ያሰላዋል አለች። "ልጻፍልሽ?" ስትል እምቢ አልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያ ሰው ሲጽፍልኝ ኖሬያለሁ። ይበቃል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
ቁጥሮቹን በአንድ ጣት መጻፍ ጀመርኩ… በቁጥሮቹ መሃል ክፍተት፣ ረድፉ ሲያልቅ ድርብ ሰረዝ። ቀይ ጽሑፍ ወጣብኝ። "ረድፎቹ እኩል አይደሉም እያለሽ ነው" አለች የእህቴ ልጅ። ለካ ስገለብጥ ከአምስተኛው ዙር አንድ ቁጥር ዘልያለሁ። ማሽን እንኳ ታዘበኝ። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ገባልኝ! አስራ አራት ረድፍ ለየዙሩ፣ ስምንት ዓምድ ለየትሪው። "በይ አሁን ደምር በይው።" አዘዝኩት። የጠበቅኩት አስራ አራት ድምር ነበር፤ ለየዙሩ አንድ፣ በደብተሬ ጫፍ እንደምጽፈው። የወጣው ስምንት።
"ተበላሸ!"
ሳቀች። "ሌላ ካላልሽው ቁልቁል ነው የሚደምረው፣ ዓምድ በዓምድ።"
አፍጥጬ አየሁ። ስድስቱ ትሪ፣ እያንዳንዱ አንድ ሺህ መቶ ከምናምን። ሰባተኛው ዘጠኝ መቶ ሠላሳ። ስምንተኛው ዘጠኝ መቶ አስራ ሁለት። ሁለቱም መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ ከጀርባ በኩል ያሉት… ዘመኔን አግድም ስደምር ኖሬ! እጄ ቢደክም ኖሮ ለስምንቱም ይደክም ነበር።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11
ድምሩ ያለበትን ወረቀት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት።
"ማን ሠራው?"
"እኔ።"
"እርስዎ?"
"እኔ አልኩዎት እኮ!"
ቴክኒሻኑን ጠራ። የማሽኑን ጀርባ ሲፈቱት የኋላው ማራገቢያ በአቧራ ታፍኖ ቆሟል፤ ለካ ሙቀቱ ኋላ ላሉት ትሪዎች በደንብ አይደርስም ነበር። ቴክኒሻኑ "እማማ፣ ይሄንንም ማገላበጥ ረስተው ነው?" ብሎ ቀለደ። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13
ማራገቢያው ተቀየረ። አዲስ እንቁላል ገባ። ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5
ትናንት ተፈለፈሉ። ሰባተኛው ከመቶው ሰማንያ ስድስት፣ ስምንተኛው ሰማንያ አራት! በፊት ስልሳ ምናምን ነበሩ።
ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ሰጠኝ። ድሮ ደብዳቤ ሲመጣ ጎረቤቴ ታነብልኝ ነበር፤ ጉዴን ሰፈሩ ከእኔ እኩል ይሰማ ነበር። ይሄን በሬን ዘግቼ አነበብኩት። "በሥራዎ ላይ እንዲቀጥሉ…" ይላል። ይቅርታ የምትል ቃል ፈለግኩ፤ የለችም። ደግሜ ፈለግኩ። የለችም። ይሁን፣ ከእባብ እንቁላል እርግብ አይፈለፈልም።
እፎይ…
ለጎረቤቴ ነገ እነግራታለሁ። ወይ ከነገ ወዲያ። ደስ ሲለኝ።