እሱባለውና የስማዳዋ ልጅ

የካቲት 23፣ እሁድ

ዛሬም ቄሳችን አባ ብርሃኔ አልመጡም። ከባሕር ዳር የሚያመጣው መንገድ ተዘግቷል አሉ። ልጆቹን እንደ ወትሮው እኔው ቤት ሰበሰብኳቸው። ንፋስ መውጫ ያለን ካቶሊኮች ሁላችን ብንጠራራ አንድ ሳሎን አንሞላም... ወጣቶቹማ ፍቅርተ፣ ወንድሟ ምስጋናውና እሱባለው ብቻ ናቸው። ወንጌል አነበብን፣ ጸለይን፣ ቆሎ በላን። እሱባለው ዝም እንዳለ መጥቶ ዝም እንዳለ ሄደ። ስኳር ከያዘው ወዲህ እንዲህ ነው። ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ። ዕድሜ ልኩን በየቀኑ መርፌ...

መጋቢት 7፣ እሁድ

ስለ መከራ ላስተምር ብዬ በደንብ ተዘጋጅቼ ነበር። «ሕመማችንን ከክርስቶስ ሕመም ጋር አንድ አድርገን ብናቀርበው ከንቱ አይቀርም» አልኳቸው። የማምንበት ነገር ነው። እሱባለው ቀና አለ።

«ሲስተር፣ አንቺ ምንሽን ነው ያቀረብሽው?»

ፍቅርተ በክርኗ ጎሸመችው።

«እውነቴን ነው። ጌታ መስቀሉን ወዶ ነው የተሸከመው። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ተነስቶ ወጣ። ነርስ ነኝ፤ መውጋት አውቃለሁ። መወጋትን ግን...?

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

እሱባለውን እናቱ በባጃጅ ሆስፒታል አመጡት። ያስመልሰዋል፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል። ኢንሱሊኑን ትቶታል! እያወቀ! ፈሳሽና ኢንሱሊን ጀመርንለት።

ነፍሱን ሲያውቅ «ሰለቸኝ» አለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጌታ ሆይ፣ አትውሰድብን... ከዚህ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ተሽሎታል። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ከስማዳ የመጣች ልጅ ተኛች። ማንአለሽ ትባላለች፣ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እሷም ስኳር፣ ገና ዛሬ የታወቀላት። አባቷ አቶ ጥሩነህ ገበሬ ናቸው። መጀመሪያ ጠበል ወስደዋት ነበር፤ ሲብስባት የደብራቸው ቄስ ራሳቸው «ጠበሉንም አትተው፣ ሐኪም ቤትም ውሰዳት» አሏቸው። መርፌ ስታይ ትጮኻለች። ሁለት ሰው ይዟት ነው የምትወጋው።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዛሬ ማንአለሽን ልወጋ ስል ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እሱባለው ከአልጋው ወርዶ መጣ፤ ሸሚዙን ገለጠ።

«እይኝ» አላት፤ የራሱን መርፌ ሆዱ ላይ ወጋ።

«ያማል?»

«ያማል። ግን ቶሎ ያልፋል። ነይ፣ እጄን ያዢ።»

ያዘችው። ወጋኋት። አልጮኸችም! አቶ ጥሩነህ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከሰዓት በኋላ አንሶላውን ስቀይርለት እንዲህ አለኝ፤ «ሲስተር፣ ጌታን መስቀሉን ያገዘው ሰውዬ... ዝም ብሎ ሲያልፍ አይደል የያዙት?»

«ቀሬናዊው ስምዖን? አዎ፣ ከገጠር ሲመጣ አስገድደውት ነው።»

«እሱንም ማንም አልጠየቀውማ።» የአንሶላውን ጫፍ ያዘልኝ። «ግን ቀለለለት። ለጌታ ማለቴ ነው።»

እኔ ይህን አላስተማርኩትም።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

አባ ብርሃኔ መጡልን! ሰግደን ሰግደን ጉልበቴ ዝሏል። እሱባለው ሐኪም ስለከለከለው አልጾመም፤ አፍሮ ጥግ ይዞ ቆሞ ነበር። አባ ጠጋ ብለው «ያንተ ጾም መርፌህ ነው፤ እሱን እንዳትገድፍ» አሉት። ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ?

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

እሱባለው አሁን ከትምህርት መልስ የሆስፒታሉ የስኳር ክትትል ክፍል ብቅ ይላል፤ አዲስ የታመሙትን ያጫውታል። ሁሌ ደህና ነው ማለት አይደለም። ትናንት «ዛሬስ ጠልቼዋለሁ» እያለ ነው የተወጋው። ይሁን፤ ተወግቷል።

ዛሬ አብረን እያለን ስልክ ተደወለ። አቶ ጥሩነህ ናቸው፣ ከስማዳ። ኔትወርክ ፍለጋ ጋራ ላይ ወጥተዋል መሰለኝ፣ ነፋሱ ይሰማል።

«ሲስተር! ልጄ ዛሬ መርፌውን ራሷ ወጋች! ማንም ሳይዛት!»

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ገና አልጨረሱም።

«ያ ልጅ... ካቶሊክ ነው አሉኝ?»

«አዎ አባቴ።»

«የክርስትና ስሙን ንገሪኝማ። ቄሱ በቅዳሴ እንዲያነሱልኝ።»

እሱባለው ሰምቷል። «ለእኔ? ስማዳ ላይ?» አለ በቀስታ።

«ኃይለ ሚካኤል» አልኳቸው። ስልኩን ልዘጋ ስል እሱባለው ክንዴን ያዘኝ።

«የሷንም ጠይቂያቸው እንጂ! እሁድ እኛም እናነሳታለን።»

«ወለተ ኪዳን» አሉ አቶ ጥሩነህ፤ ነፋሱ እንዳይወስደው ደግመው፣ ጮክ ብለው፤ «ወለተ ኪዳን በሏት!»