የአቡሩፍ ቤትና የጎን በሩ

ኦምዱርማን፣ በይት አልማል ሰፈር
ኅዳር 19 ቀን 1981

ለተከበርሽው ባለቤቴ፣ ለሙዐዝ እናት፣ ለኢሕሳን፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ጂዳ ድረስ በጤናና በደስታ ያግኝሽ። ለልጃችንና ለምራታችን፣ እስካሁን በፎቶግራፍ ብቻ ለማውቃት የልጅ ልጃችንም እንዲሁ ይድረስልኝ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ደኅና ነኝ ስል ግን ሐኪሙ ያለኝን መድገሜ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አልቆም ብሎኛል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከጠዋት ሻይ በኋላ ጋዜጣ ይዞ መቀመጥ ለምጄ ነበር፤ ሰሞኑን ግን አንዱን ዐምድ ሳልጨርስ ተነሥቼ ወደ ወንዙ ዳር እወርዳለሁ። እህቴ በቱል “ሹመት ሲጠብቅ እንኳ እንዲህ አልተቁነጠነጠም” እያለች ሰፈሩን ታስቃለች።

ፖርት ሱዳን ላይ፣ መርከቡ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት፣ “ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ እኔ የማውቅበት ቤት ሲኖር እመለሳለሁ” ብለሽኝ ነበር። ያን ቀን መልስ አልሰጠሁሽም። ነገሩን እዚህ ማንሣት አልፈልግም፤ የምጽፍልሽ ስለ አንድ ቤት ብቻ ነው።

ቤቱ አቡሩፍ ነው። የወንዙ ነፋስ ይደርሰዋል። ሁለት ክፍል፣ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ በረንዳ፣ አንድ የኒም ዛፍ፣ ለብቻው የቆመ ኩሽና አለው። የሟች እናቱን ቤት የሚሸጠው ሚርገኒ የሚባል የትምህርት ቤት ሰው ነው፤ ደላላው ደግሞ ኸለፈላህ፣ በሰው ንግግር መካከል መግባትን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ነው።

ሚርገኒ ሃምሳ ሺህ ፓውንድ ጠራ። ሠላሳ ስምንት ሰጠሁ።

“መውላና! በሠላሳ ስምንት እኮ እናቴን በመቃብሯ ሰደቧት!” አለኝ።

“አላህ ይማራቸው፤ እኔ የተናገርኩት ስለ ጣሪያው ነው። ምስጥ በልቶታል።”

“ምስጡ ነፍሱን ይማረውና ሞቷል!” አለ ኸለፈላህ። “አንተ ሚርገኒ ትንሽ ውረድ፤ እርስዎም መውላና ትንሽ ይውጡ፤ ደረጃው መሐል ላይ ትገናኛላችሁ።”

እኔ ተቆጥቼ ወጣሁ፤ ደላላው ከበሩ መለሰኝ። ሚርገኒ ተቆጥቶ ወጣ፤ እሱንም መለሰው። በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ የሰው ሙግት ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ለራስ መሟገት ግን ይህን ያህል ላብ የሚያስወጣ አይመስለኝም ነበር። በመጨረሻ በአርባ ሁለት ሺህ ተስማማን። ሐሙስ በምስክሮች ፊት ውል እንፈራረማለን ተባባልን።

የቀረው የጎረቤቷ ጉዳይ ነበር። እንደምታውቂው ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት የመግዛት ቅድሚያ አለው፤ በተስማማንበት ዋጋ “እኔ እወስደዋለሁ” ካለ ቤቱ የእሱ ነው። ጎረቤቷ ሐጃ ሱራ ትባላለች፤ ዕድሜዋ የገፋ፣ ነገር ግን ብርቱ ሴት ናት። ኸለፈላህ መንገድ ላይ ጠጋ ብሎ፣

“መውላና፣ ወረቀቱ ላይ ስልሳ እንጻፍ። አሮጊቷ ስልሳን ስትሰማ ‘አላህ ያግራላቸው’ ብላ ጎኗን ታሳርፋለች” አለኝ።

“የተስማማነው ስንት ነው?”

“አርባ ሁለት።”

“እንግዲያው የሚጻፈው አርባ ሁለት ነው።”

“እዚህ እኮ ችሎት ላይ አይደሉም! ቤቱ ቢያመልጥዎ ኋላ ኸለፈላህ አላለኝም እንዳይሉ።”

በማግስቱ ከቀትር በኋላ እኔው ራሴ ሐጃ ሱራ ዘንድ ሄድሁ። ግቢዋ ውስጥ ዐንገረብ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ዋጋውን ነገርኋት፤ ቅድሚያው የእሷ መሆኑንም ነገርኋት።

“አርባ ሁለት?” አለችና ሳቀች። “ያ ቀላማጅ ደላላ ትናንት መጥቶ ስልሳ ሲለኝ ‘ቤቱ ሌሊቱን ፎቅ አበቀለ እንዴ?’ ብዬ አባረርሁት። በአርባ ሁለት ከሆነማ ልጄ፣ ወርቄን ሸጬ እኔው እገዛዋለሁ።”

ኢሕሳን፣ በዚያች ቅጽበት ቤቱ ከእጄ ወጥቶ ሲሄድ አየሁት።

“ገንዘብ ግን በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል፣ ቤትስ?” ስትል ቀጠለች። “አንድ ነገር ማልልኝና ቤቱን ግዛ። ያቺን በር አትዝጋት።”

በምስር ወንፊቷ ወደ ግድግዳው አመለከተች። ነፋጁ ነው፤ የእኛ ሴቶች ጎዳና ሳይወጡ ከቤት ወደ ቤት የሚሻገሩበት፣ ጎንበስ ብለሽ የምታልፊው የግድግዳ በር። የእኛን ግቢ ነፋጅ ለአንቺ መግለጽ አያስፈልገኝም።

“ከሚርገኒ እናት ጋር በዚያች በር ስንመላለስ ነው ያረጀነው። ምጥ ሲይዘኝ በዚያ ነው የደረሰችልኝ፤ ሲከፋትም በዚያ ነው ወደ እኔ የመጣችው። አሁን በዚህ ጉልበቴ ቶቤን ተከናንቤ መንገዱን ልዞር ነው? ‘አልዘጋም’ በል፤ አለቀ።”

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅብኝ። ቃሏም ቀላል ነበረች።

“አልችልም” አልኋት።

“ምነው?”

“ቤቱ የኔ አይደለም። የምትገዛው ባለቤቴ ናት።”

“የታለች?”

“ጂዳ፣ ልጃችን ዘንድ። የልጅ ልጅ ልትጠይቅ ሄዳ ነው።”

“መቼ?”

“ካቻምና።”

ምስሩን ተወችና ቀና ብላ አየችኝ። “የልጅ ልጅ እኮ ልጄ፣ ሁለት ዓመት አይጠየቅም።”

መሬት የወደቀች አንዲት ምስር አንሥቼ ወንፊቷ ላይ መለስሁላት።

“እህቶች አሉህ?”

“ሦስት።”

“በራቸውስ?”

“ወደ እኛ ግቢ ነው የሚከፈተው። በግድግዳው በኩል።”

“አሃ” አለች ሐጃ ሱራ። ወደ ምስሯ ተመለሰች። ስወጣ ብቻ ከኋላዬ “ሐሙስ እንተያያለን” አለችኝ። ትገዛለች ማለት ይሁን፣ ትተወዋለች ማለት ይሁን፣ ከድምፅዋ መለየት አልቻልሁም። እስከ ሐሙስ ድረስ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ኸለፈላህ በየቀኑ እየመጣ “ስልሳ ብለን ቢሆን ኖሮ” ይለኛል። በቱልም ምሳዬን ሳልነካው ባየች ቁጥር “ዐይን ነው፤ ዐይን ገብቶበታል” እያለች በነፋጁ ልታጥነኝ ትመጣለች፤ ፀሐይ ሸሽቼ የተጋደምሁበት ክፍል ድረስ።

ሐሙስ ዕለት በሚርገኒ ግቢ ምስክሮቹ ተቀምጠው ነበር። ብዕሩ ገና ከኪስ ሳይወጣ ያቺ ትንሽ በር ተከፈተችና ሐጃ ሱራ ጎንበስ ብላ ገባች። ሁላችንም ተነሣን።

“ቅድሚያዬን ትቻለሁ፤ ስሙኝ” አለች። “የተውሁት ግን ለእሱ አይደለም፤ ለሴትዮዋ ነው። በሚስቱ ግድግዳ ላይ ለመማል ያልደፈረ ወንድ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሯን ትዝጋት፣ ትክፈታት፣ ስትመጣ እኔና እሷ እንነጋገራለን። ወንዶች አትግቡበት። አንተ ሚርገኒ ደግሞ አናጢ ጥራና መቀርቀሪያውን በእሷ በኩል አድርግላት።”

ሚርገኒ እናቱ ያዘዘችው ይመስል “እሺ” አለ። ኸለፈላህም ብዕሩን ከኪሱ አውጥቶ አቀበለኝ።

ውሉ በስምሽ ተጽፏል። ቀድሞ የሰጠሽኝ ውክልና አሁንም የጸና መሆኑን አጣርቻለሁ፤ አልሻርሽውም፤ ስለዚህ ሕጋዊ ጉድለት የለበትም። ብትመጪም ባትመጪም ቤቱ የአንቺ ነው፤ ልታከራዪው ትችያለሽ፤ ልትሸጪውም ትችያለሽ። ጣሪያውን አሳድሼ፣ ግድግዳውን በኖራ አስቀብቼ አቆያለሁ። ከዚያ ያለፈ ነገር ሳትነግሪኝ አላደርግም። ኒሙን እንኳ አላስገረዝሁትም።

ይህን ስጽፍ በቱል ገብታ “ለማን ነው? ለእሷ ከሆነ ሰላም በልልኝ” ብላኛለች። እነሆ ሰላም ብላሻለች። ስለ ቤቱ ገና አልነገርኋትም፤ መንገር ያለብኝ እኔ ነኝና እነግራታለሁ። መርከቡ በየሳምንቱ እንደሚመላለስም ሰምቻለሁ፤ ለመረጃ ያህል ነው የጻፍሁልሽ።

ውሉ አልቆ ሻይ ሲቀርብ ሐጃ ሱራ ክፍሎቹን ዞራ አየችና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣

“አንተስ ልጄ፣ በየትኛው ክፍል ነው የምትተኛው?” አለችኝ።

“ገና አልተነገረኝም” አልኋት።

ምስክሮቹ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ለመሳቅ ሞከርሁ።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅ፤ በልጃችን ቤት ያለሽበትን ቀን ሁሉ ይባርክልሽ፤ የልጅ ልጃችንን በእቅፍሽ ያሳድጋት፤ የልብሽንም በልብሽ ልክ ይስጥሽ።

መልስሽን የምጠብቅ፣

ዐብዱልባቂ