አንድ ኪሎ የሚመዝን እንግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ምንም የተለየ ነገር የለም። ጠዋት የፋርማሲ ሚዛኖች ለምርመራ ወደ ቤተ ሙከራችን መጡ። አንደኛው አልሠራ ብሎ ስከፍተው ውስጡ የሞተ በረሮ ተኝቷል። በረሮውን መዘንኩት። ማንም አላየኝም።

ከምሳ በኋላ አለቃዬ ጠሩኝ። ፈገግ ብለዋል... እሳቸው ፈገግ ሲሉ ሥራ መጣ ማለት ነው።

«እንግዳ ሊመጣልን ነው» አሉ።

«ከየት?»

«ከጎረቤት አገር። አንድ ኪሎ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የስድስት ጎረቤት አገሮች የመለኪያ ቢሮዎች ተስማምተው አንድ የብረት መለኪያ ከአገር አገር ያዞራሉ። ሁሉም ይመዝነዋል። «አንድ ኪሎ» ይባል እንጂ ትንሽ ትርፍ አለው፤ ትርፏ ስንት ሚሊግራም እንደሆነች ማግኘት ነው ፈተናው። ያገኘነውን ለማንም ሳንናገር ለአስተባባሪዋ ብቻ እንልካለን። ጥሩ ውጤት ያመጣ ቤተ ሙከራ የቀጠናው ማሠልጠኛ ይሆናል፣ አሠልጣኟም... እኔ? አለቃዬ እንደዛ ብለዋል። ካልሆነልን ግን የክብደት ክፍሉ ይዘጋል፤ እኔም ወደ ገበያ ሚዛን ቁጥጥር እመለሳለሁ። የሽንኩርት ነጋዴ ስድብ ጠግቤ ነው ከዚያ የወጣሁት። አልመለስም!

እራት ላይ ለባሌ ነገርኩት።

«አንድ ኪሎ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ስድስት አገር?»

«አዎ።»

«አንድ ኪሎ ነዋ!»

ልብስ ሰፊ ነው። ስለ ሚሊግራም ከሱ ጋር ምን አከራከረኝ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

እንግዳው ገባ። አምስቱን አገር አዳርሶ እኛ የመጨረሻዎቹ ነን። ስናየው እንዴት ያምራል! የሚያብለጨልጭ፣ ድቡልቡል ያለ፣ አንገቱ አጠር ያለ... እንደ አለቃዬ።

አለቃዬ ሙሉ ሱፍ ለብሰው መጡ። ከረባትም አድርገዋል። ሳጥኑ ሲከፈት እጃቸውን ዘረጉ። ሊጨብጡት!

«ጣትዎን!» ብዬ ጮህኩ።

«ታጥቤአለሁ እኮ።»

የጣት ወዝ ራሱ ይመዝናል ብዬ አስረዳኋቸው። በባዶ እጅ የነካው ሰው ለስድስት አገር መልስ ይሰጣል አልኳቸው። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወዲያው ደግሞ ወጥተው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተሸክመው ተመለሱ።

«ከሙቅ አገር ነው የመጣው። ብርድ እንዳይመታው።»

ሳቅሁ። ለካ የምራቸውን ነው። የሞቀ ብረት በዙሪያው ያለውን አየር ወደ ላይ ይሰድዳል፣ አየሩ ብረቱን ስለሚያነሳው ቀሎ ይታያል አልኩ። ማሞቂያውን ራሴ ከክፍሉ አወጣሁት። «እንግዳ አይከበርም እዚህ ቤት» እያሉ ሄዱ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ቀኑን ሙሉ መመዘን። መንቀሳቀስ የለም፣ መተንፈስም በልክ። ከሰዓት አስነጠሰኝ። ሁሉንም እንደገና።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ጨረስኩ። ትርፉ 0.14 ሚሊግራም ነው። ቁጥሮቹ ተቀራርበው ሲቀመጡ ሳይ አንጀቴ ራሰ። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ በጓንት።

አለቃዬ ገቡና በሩን ዘጉ።

«ስንት?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አይሆንም። 0.472 ነው።»

«ማን አለ?»

«አባባ ግራም።»

አባባ ግራም የጎረቤት አገር ባለሙያ ናቸው። የቀጠናውን ግማሽ ሰው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም መቆንጠጫ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሚሊ» ያሉኝም እሳቸው፣ በቁመቴ። እሳቸው «ነው» ካሉ ነው። ሚዛን ራሱ የሚያፍራቸው ይመስለኛል።

«ለማንም አይነገርም ተብሎ እንዴት ነገሩዎት?»

«ደወልኩና ጠየቅኳቸው። ሌሎቹም ደውለዋል። አራቱንም ጠይቄአለሁ፣ አራቱም 0.472 ብለው ልከዋል። የቀረሽው አንቺ ነሽ!»

«እኛ እኮ የራሳችንን...»

«ስሚ! የዚህ ሥራ ስሙ ምንድን ነው? የቀጠና ትብብር! ተባብሮ አንድ ቁጥር ከማለት የበለጠ ምን ትብብር አለ? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?»

ውጤት የሚላከው ማክሰኞ ነው። አስቢበት ብለውኝ ወጡ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

እንደገና መዘንኩ። 0.14። ሚዛኑን አስተካክዬ እንደገና። 0.13። ከዚያ 0.14። «እባክህ ትንሽ ጨምር» አልኩት ብረቱን። በመስኮቱ የጽዳት ሠራተኛዋ እያየችኝ ነበር።

እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ወይስ እሳቸው? እሳቸው ሊሳሳቱ? አምስት ሰው አንድ ቁጥር ብሎ እኔ ብቻ...

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ድፍረቴን ሰብስቤ ለአባባ ግራም ደወልኩ።

«አቤት!» አሉ።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። ሚሊ ነኝ።»

«እህ! ደህና ነሽ ልጄ? ምን ልታዘዝ?»

ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። 0.472 ከየት አመጡት? እውነት መዝነው ነው? ይኼን ለአባባ ግራም?

«እ... እንዲያው ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።»

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንግዲያው ደህና ዋይ» ብለው ዘጉት።

ሞኝ! ሞኝ! ሞኝ!

እሑድ፣ ኅዳር 1

ምሳ አልበላ አለኝ። ባሌ ምን ሆነሻል ሲል ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እጁን ከትሪው አንስቶ አሰበ። እሱ ሲያስብ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ መርፌ እንደሚሰካ።

«ምን አስጨነቀሽ?» አለ። «እነሱ ያሉትን በያቸው። ሰው ቁጥር የሚጠይቀው እውነቱን ፈልጎ መሰለሽ? ደስ እንዲለው ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ወገባቸው ሲሰፋ ወፍራችኋል እላቸዋለሁ? ጨርቁ ተኮማትሮ ነው እላለሁ። ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ እኔም ጎኑን እተረትረዋለሁ።»

ልክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ሰማሁት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ቆይ... ሰማያዊው ቀሚሴ?»

እጁን ወደ ትሪው መለሰ።

«ተኮማትሯል ብለኸኝ አልነበር?»

«ወጡ ይቀዘቅዝብሻል፣ ብዪ።»

«አረንጓዴውስ? ለእህትህ ሠርግ የሰፋህልኝስ?»

«ጨርቅ እኮ...»

ጉድ ነው! ውሃ ስለነካው ነው ብዬ የልብስ ሳሙና ሁሉ ቀይሬአለሁ! በጣም ተናደድኩ። ስለወፈርኩ አይደለም (ትንሽ ነው)። ሁሉም ሰው እያወቀ እኔ ብቻ በጨርቅ ሳሳብብ መኖሬ ነው የቆጨኝ። ቁጥሩን ቢነግረኝ ምናለበት? ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ወስኛለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

0.14 ብዬ ላክሁ። አለቃዬ ሲሰሙ ወንበር ፈልገው ተቀመጡና «ጨረስሽን» አሉ። ቀጥለውም «ለሽንኩርት ነጋዴዎቹ ሰላም በይልኝ» አሉ።

አባባ ግራም ምን ይሉኝ ይሆን?

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ከየት ልጀምር? እስካሁን እየሳቅሁ ነው።

ስብሰባው በኢንተርኔት ነበር፤ ስድስቱም አገሮች አሉ። እኔና አለቃዬ አንድ ስክሪን ፊት ተጣብበን ተቀመጥን። አስተባባሪዋ ውጤቱን በሥዕል አሳየችን። አራት ነጥቦች ከላይ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፣ 0.472። የአንድ አገር ነጥብ መካከል ላይ፣ 0.26። ከታች፣ ጭራሽ ከሁሉም ተገንጥላ፣ የኔዋ። መሬት ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። አለቃዬ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«የሚገርም ነው» አለች አስተባባሪዋ። «አንድ ሰው አንድን ብረት ሁለቴ ቢመዝን እንኳ የመጨረሻዋ አሃዝ ትለያያለች። አራት አገር እንዴት አንድ ሆነ?»

የአራቱ አገር ሰዎች የተመሰገኑ መስሏቸው ፈገግ አሉ። አንደኛው እጅ ነሳ።

«ብረቱን የሠራው ፋብሪካ ሲልከው መዝኖታል» ብላ ቀጠለች። «ትርፉ 0.26 ነው። የአባባ ግራም ብቻ ገጥሟል።»

የአባባ ግራም? እሳቸው 0.472 አላሉም እንዴ?

አባባ ግራም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሲደውሉ፣ ሲደውሉ፣ ሲደውሉ ሰለቸኝ» አሉ። «ስንት አገኙ? ስንት አገኙ? ምሳ እንኳ መብላት አቃተኝ። አራት መቶ ሰባ ሁለት የመኪናዬ ታርጋ ነው።»

አንዱ አገር ካሜራውን አጠፋ። ሌላኛው ቀስ ብሎ «የነጯ መኪና ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስተባባሪዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ያዘች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ከዚያ አባባ ግራም ወደኔ ዞሩ። «ሚሊ፣ ያንቺም ልክ አይደለም። ቀሎብሻል። ክፍሉ ውስጥ የሚያሞቅ ነገር አለ?»

«የለም አባባ! ማሞቂያ ነበር፣ የዚያኑ ቀን በገዛ እጄ...»

ከጎኔ አንድ እጅ ወጣ። የአለቃዬ። ልክ እንደ ተማሪ።

«ማታ ማታ... አንቺ ስትወጪ... ብረቱ ከሚያድርበት ቁም ሣጥን ሥር ማሞቂያውን እያስቀመጥኩለት... ጠዋት ሳትገቢ አነሳዋለሁ። እንግዳ ነው ብዬ ነው።»

ላልቅስ ወይስ ልሳቅ? ሁለቱንም አደረግሁ። በስድስት አገር ፊት።

«የሚሊ ቁጥር ስህተት ነው» አሉ አባባ ግራም፤ «ግን መዝና ያመጣችው ነው። ማሞቂያውን አንስተን እናርመዋለን። ታርጋዬን ምን ብዬ ላርመው?»

ሥልጠናው እኛ ጋ እንዲሆን ተወሰነ። ጥሩ ስለወጣን አይደለም። የኛ ጥፋት ከየት እንደመጣ ስለሚታወቅ፣ ለማስተማሪያ ይሆናል ተብሎ ነው። አሠልጣኙ አባባ ግራም፣ እኔ ረዳት። ክፍሉ አይዘጋም! የሽንኩርት ነጋዴዎች ደህና ሁኑ።

አለቃዬ ከስብሰባው ሲወጡ በስልክ ለሰው ሲያወሩ ሰማኋቸው። «አዎ፣ የኛን ቤተ ሙከራ መረጡት» ይላሉ። «በማሞቂያ ጉዳይ ነው።»

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ሥልጠናው ተጀመረ። የአራቱ አገር ሰዎች ጓንት አድርገው፣ አፍረው፣ እንደ አዲስ ሙሽራ አቀርቅረው ተቀምጠዋል። አለቃዬ በር ላይ ናቸው፤ መግባት ተከልክለዋል። በየሰዓቱ አንገታቸውን ያስገቡና «አይበርዳችሁም?» ይላሉ።

ሌላ ብረት ነው፤ ትርፉን የምታውቀው አስተባባሪዋ ብቻ ናት። ሁላችንም ተራ በተራ መዘንን። እኔም መዘንኩ። የዛሬውን ቁጥሬን ወረቀቴ ላይ ጻፍኩና ቁጭ ብዬ አየሁት። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። የኔ እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

አባባ ግራም ከጎኔ የራሳቸውን ጨርሰው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ትንሽ ቆይተው አንገታቸውን ወደኔ ሰገግ አደረጉ።

«ስንት አገኘሽ ሚሊ?»

መቆንጠጫ አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው! አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብያቸው አላውቅም። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ወረቀቴን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«ለአስተባባሪዋ ነው የምናገረው፣ አባባ።»

አዩኝ። ተቀየሙ? ተቆጡኝ? ዞር አሉና ቀስ ብለው የራሳቸውንም ወረቀት ሸፈኑብኝ።