አንካሳዋ ፍየል ላይ ስላረፈው ማኅተም

ለተከበሩ የእደ ጥበብ ውጤቶች ምዝገባና ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ የማይቋረጥ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ካላስታወሱኝ አይፈረድብዎትም፤ በኮሪደርዎ ጫፍ ባለው አግዳሚ ላይ ሰባት ወር ሙሉ ደጅ የጠናሁት ሽማግሌ እንጨት ሠሪ ነኝ። ወለሉን የምትወለውለው ልጅ፣ እግዜር ይስጣትና፣ በየማለዳው «አባባ፣ እግርዎን አንሡልኝ» ትለኝ ስለነበር በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ መኖሬን በእርግጠኝነት ያወቀች እሷ ብቻ ናት።

ጉዳዬ ትንሽ ነው። ለበዓል የልጆች መጫወቻ ከእንጨት እሠራለሁ፤ አሥራ ሁለት እንስሳት ናቸው፣ ልጆች ተራ በተራ አንዱን በአንዱ ላይ ይደራርባሉ፣ ያፈረሰ ይሸነፋል። እንስሶቹን በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ የሣለቻቸው ባለቤቴ ስትሆን፣ እኔ በእጅ መጋዝ እቆርጣቸው ነበር። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጃችን የሌዘር መቁረጫ አመጣችልን፤ ሥዕሉ በስካነር ይገባል፣ ማሽኑም መስመሩን ተከትሎ ጣውላውን በብርሃን እየተኮሰ ይቆርጠዋል። ማለስለሱና ቀለም መቀባቱ አሁንም የኔ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ማሽኑ እርሳሷ ያመነታበትን ቦታ እንኳ ስለማይስት፣ በሠራ ቁጥር አጠገቡ ወንበር ስቤ እቀመጥና እጇ በጣውላው ላይ ሲሄድ አያለሁ።

በበዓሉ የልጆች ገበያ ላይ ጠረጴዛ ለማግኘት «በእጅ የተሠራ» የሚለው ማኅተምዎ የግድ ነው ተባልኩና ወደ እርስዎ መጣሁ። የተደረገልኝ ውለታ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ላመስግን።

፩ኛ. ተቆጣጣሪዎ ማስመሪያ ይዞ ሱቄ ድረስ በመምጣቱ ከልብ አመሰግናለሁ። በሪፖርቱ ላይኛው አንቀጽ፣ ከእያንዳንዱ እንስሳ የተቆረጡት ቅጂዎች ከእጅ ሥራ በማይጠበቅ ሁኔታ ፍጹም እኩል ስለሆኑ በእጅ እንዳልተሠሩ አረጋገጠ፤ በታችኛው አንቀጽ ደግሞ የፍየሏ አንድ እግር ከሌሎቹ ሦስቱ አጭር ስለሆነ የጥራት ጉድለት እንዳለባት አረጋገጠ። በአንድ ገጽ ላይ ከመጠን በላይ ትክክልም ከመጠን በላይ ስህተትም መሆን ለማንም አይሰጥም፤ ለእኔ ግን ተሰጠኝ። ባለቤቴ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ እግሯን ትስብ ነበር። ፍየሏንም ሆን ብላ አንካሳ ያደረገቻት፣ ልጅ ሁሉ ተራው ደርሶ እሷን ሲያነሣ ትንፋሹን ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ አስቦላት እንዲያስቀምጣት ነው። ይህንን ለተቆጣጣሪው ስነግረው «እሱ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቅጹን አይቼዋለሁ።

፪ኛ. በመመሪያዎ መሠረት ሥዕሉን የሣለው እጅ በኮሚቴ ፊት ቀርቦ እንዲሥል መጠየቁ ምን ያህል ለጥበብ እንደሚጠነቀቁ ያሳያል። ባለቤቴ በሕይወት እንደሌለች ለመስኮት ቁጥር አራቱ ሠራተኛ ሳስረዳ፣ ሰውየው አዝኖልኝ «እንግዲያውስ ተወካይ ይላኩ፤ ውክልናውን ግን ራሷ ነች የምትፈርመው» ሲል መፍትሔ ፈለገልኝ። እስካሁን አልፈረመችም።

፫ኛ. ማሽኑ ከነኮምፒውተሩ ለምርመራ ተወስዶ በአምስት ሳምንት ውስጥ መመለሱ የሚያስመሰግን ነው። ባለሙያዎ የአቧራ ቅንጣት ሳይቀር ጠርጎ፣ በውስጡ የነበረውንም ሥዕል ሁሉ ደምስሶ፣ «አባት፣ እንደ አዲስ አድርጌልዎታለሁ» ብሎ በደስታ አስረከበኝ። ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ የእውነት ስለነበር ልቆጣው አልቻልኩም። ከሱቄ ለናሙና የተወሰደው ያለኝ ቅጂ ሁሉ ደግሞ ጊዜው ስላለፈበት በደንቡ መሠረት ተወግዷል።

፬ኛ. ፎቶ ኮፒ አንቀበልም በመባሉ፣ እርሳሷ ያረፈባቸውን ዋናዎቹን አሥራ ሁለት ወረቀቶች ማሽኑ ከመወሰዱ በፊት ለጽሕፈት ቤትዎ አስገብቼ ነበር። ልጄ «አባዬ፣ ዋናውን አትስጣቸው» ብላ ለምናኛለች፤ እኔ ግን መንግሥት ወረቀት ይጠፋዋል እንዴ ብዬ ተቆጣኋት። አልጠፋም፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በእኛ ጉዳይ ግን ሞኙ ለቀቀ፣ ወረቀቱንም እናንተ ያዛችሁ። ሲመለስልኝ ከላይ «አልጸደቀም» የሚል ደብዳቤ ነበረው፤ ከሥሩ ደግሞ በመዝገብ ውስጥ ያለ ገጽ ሁሉ ማኅተም ይረፍበት በሚለው ደንብ መሠረት አሥራ ሁለቱም እንስሳት ላይ አንድ በአንድ ታትሞባቸዋል። ማኅተም ለመንኩ፣ አሥራ ሁለት ሰጣችሁኝ፤ ቸርነት ይሏል ይህ ነው። ዝሆኑ ጀርባው ሰፊ ስለሆነ ችሎታል። ፍየሏ ላይ ያረፈው ግን ልክ በአጭሯ እግር ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ያለው የእናንተ ሥራ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም። ልጄ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ የታተመባቸውን ሥዕሎች በስካነር አስገብታ ሦስት ቀን ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። በመጨረሻ ዞር ብላ ሳታየኝ «አባዬ፣ ማኅተሙን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ከሥሩ ያለው የእማዬ መስመር አብሮ ይጠፋል» አለችኝ። ቀደም ሲል የሸጥኳቸውን ፍለጋ በየቤቱ ዞርኩ። ሦስት ፍየሎች አገኘሁ፤ ዘወትር የምትወድቀው እሷ ስለሆነች የሦስቱም ያቺው እግር ተሰብራለች። ራሴ ልሥላት ሞከርኩ፤ አርባ ወረቀት አበላሸሁ። አርባ ዓመት ከጎኔ ስትራመድ ያየሁት እግር ምን ያህል አጭር እንደነበር እጄ አያውቀውም። አለቀስኩ፤ ይህንንም በግልጽ ደብዳቤ ላይ መጻፍ እንደሚያሳፍር እያወቅሁ ጻፍኩት።

ስለዚህ ምንም አልለምንዎትም። ይግባኝም አልልም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና። የገበያው ጠረጴዛ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ከሩቅ አገር በካርቶን የመጣ የፕላስቲክ መጫወቻ ተደርድሮበታል፤ ማኅተሙም አለው። ሱቄን በወሩ መጨረሻ እዘጋለሁ። አግዳሚው ላይ የነበረው ቦታዬ ክፍት ስለሆነ ለቀጣዩ ባለጉዳይ እንዲሰጥልኝ፣ እዚያው የቀረውን መቀመጫ ትራሴን ግን እንዲመልሱልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎን ደንብ ከገዛ ትዳሩ ይልቅ አጥርቶ ለማወቅ የበቃ፣ ለተደረገለት ሁሉ አጸፋ መመለስ ያቃተው፣ በሁሉም መስኮቶች ፊት በየተራ የቆመ ታዛዥዎ፣
የአሥራ ሁለት እንስሳት ጌታ የነበረ እንጨት ሠሪ

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንዲት ፍየል አባሪ አድርጌ ልኬያለሁ። ማኅተም የታተመበትን የፍየሏን ወረቀት እንዳለ ለማሽኑ ሰጠሁት፤ እሱም የማን እጅ እንደሆነ ስለማይጠይቅ እርሳሷንና ማኅተምዎን አንድ አድርጎ ቆረጠው። ክቡ ማኅተም ከአጭሯ እግር ሥር ገብቶ ከሌሎቹ ጋር እኩል አድርጓታል። ትናንት የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ተራዋ ሲደርስ ወዲያ ወዲህ እያየች፣ ትንፋሿንም ሳትይዝ ጣል አደረገቻት፤ ፍየሏም ቀጥ ብላ ቆመች። ተቆጣጣሪዎ ያገኘው ጉድለት ታርሟል፣ ማኅተሙም ከእግሯ ሥር አለ፤ እንግዲህ ይረከቧት፣ የእርስዎ ናት። የእኔዋ ታነክስ ነበር።