ሽማግሌዎቹ ለጥሩዬ የመጡ ቀን

ልጅህ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ትናንት መንደሩን በሙሉ ከትባ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ እየሳቀች ገባች። ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ግን ወሬ አፌ ውስጥ እንደማያድር አንተ ታውቃለህ።

እንግዲህ እንደምን ከርመሃል፣ ሙሉዬ? በሞት ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ቆሰበር ያው ናት፤ ዝናቡ አልጠግብ ይላል፣ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሳምንት ይጠፋል። በጓሮ የተከልከው ቀርከሃ አጥሩን አልፎ የጎረቤት ሆኗል። እሷም ዝም ብላ ትቆርጠዋለች፣ እኔም ዝም ብዬ አያታለሁ።

ስለ ጥሩዬ የደበቅሁህ ነገር አለ። እስኪያልፍ ብዬ ነው። ሕፃን ሆና ልናስከትባት የሄድን ቀን ትዝ ይልሃል? እሷ ድምጿን ሳታሰማ፣ መርፌውን አይተህ አግዳሚው ላይ የተዘረጋኸው፣ ውሃ የተረጨብህ አንተ ነህ። ያችው ልጅ አድጋ ከታቢ ስትሆን ከማን ወጣች ብዬ ስቄ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ለኩፍኝ ክትባት ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ወዳለ አንድ ገጠር ሄደች። ደንባቸው ነውና የተከተቡበትን ቤት በር በጠመኔ ይጽፉበታል፤ አራት ልጅ ካለና አራቱም ከተከተቡ «4/4» ብለው። ትንሽ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው በሩን አየና «ከአራት ልጅ አራቱንም ሊወስዱ ነው» ብሎ ተረጎመው። ዘመኑም ዘመን ነው፤ ልጅ ከቤት ይወሰዳል ሲባል ልክ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎረምሳው ዱላ ይዞ ወጣ። የክትባቱን ሳጥን ሰባበሩ፣ የሥራ ባልደረባዋን ግንባሩን ፈነከቱት፣ የልጅህን ቀኝ ክንድ ሰበሩ። አንዲት የመንደሩ እናት ቀርከሃ ውስጥ ባትደብቃት ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለሁለት ሰው ነበር የምጽፈው።

ክንዷን ወጌሻ አሽቶ አዳነው። እሷ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ጓዳ ትገባለች። ሥራውን ልተወው ነው አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ተይው ያልኳት እኔ ነኝ። ሳሙናና ባትሪ እየሸጥን እንኖራለን ብዬ የሱቅ ቦታ ሁሉ አይቼ ነበር።

ባለፈው እሑድ ታዲያ በር ተንኳኳ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ፈረሶቻቸውን አጥሩ ላይ አስረው። «የመጣነው ስለ ልጅሽ ነው፤ ቃላችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ሌላ ምን ላስብ? ያንተዎቹስ ከጫግኒ መጥተው አባቴ ደጅ የቆሙት እንዲሁ አልነበር? አንደኛው ቆሞ እያንቀላፋ የእናቴን ጋን ይዞ የወደቀው?

ነጠላዬን አስተካከልኩና ድምፄን አወፈርኩ። መሬት አለው ወይ ስል ተያዩና «ሁለት ጥማድ አለው» አሉ። ዘሩስ ስል እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ። ጠባዩስ ስል ትልቁ አንገታቸውን ደፉ። «ቁጡ ነው፣ ልጄ። ዱላ ያነሣው ግን አንድ ቀን ነው።»

«በማን ላይ?»

«በልጅሽ ላይ።»

ለካ ለዕርቅ ኖሯል። እኔ ጥሎሹ ጋ ልደርስ ምንም አልቀረኝም ነበር። ልጁን ከአጥር ውጭ አቁመውት ኖሮ፣ ግባ ሲሉት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ እግሬ ሥር ተንበረከከ። ኩፍኝ መንደራቸው ገብቶ የወንድሙ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈው። አልዋሽህም፣ ልቤ አልራራለትም።

ጥሩዬ ከጓዳ ወጣች። «ድንጋዩን አስቀምጥ» አለችው። ሽማግሌዎቹ ስለ ካሣ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ካሣዬ የመንደሩ ልጅ ሁሉ መከተቡ ነው፣ ሳጥኑን ደግሞ እሱ ይሸከምልኝ አለች። ይህን ስትል የጓዳውን መቃን አልለቀቀችም።

ትናንት ሄደች። እኔ ከደጅ ጓዳ፣ ከጓዳ ደጅ ስል ዋልኩ። ያ የሰበራት ሰው ሳጥኑን አዝሎ ከቤት ቤት ሲያዞራት ውሏል፤ ለማረፍ እንኳ መሬት አላስነካውም አሉ። አንዲት ሴትማ የተከተበ ልጇን ይዛ ዳግመኛ ተሰልፋ ተገኘች፤ ሁለቴ ቢወጋ እጥፍ ይጠነክራል ብላ። ጥሩዬ ይህን ስትነግረኝ ሳቋ አላናግር አላት። ያን ሳቅ ከፋሲካ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር፣ ሙሉዬ። ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

አልረሳህም። እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት የሚሆነውን ደግ ነገር ቀድመህ የምትሰማው አንተ ነህ።

አሁን ድግስ አለብኝ። መንደርተኛው በግ እየነዳ፣ እኔ ጠላዬን ይዤ፣ እነሱው መንደር ዕርቁን እናወርዳለን። ሚካኤል ዘንድሮ ዓርብ ስለዋለ ሥጋ ልንበላበት አልሆነም። የዳንግላው ወንድምህ፣ የጫግኒ ዘመዶችህ፣ ኔትወርኩ መጥቶ ይህን በስልኩ ያነበበ ጎረቤት ሁሉ፣ ሥራ በዛብኝ የሚል እንዳልሰማ፤ የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ኑ።