መኪናው እምቢ ያለ ዕለት

ቆሰበር፣ ነሐሴ 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

ዛሬ ጧት ጎረቤቴ አየለ እየሮጠ መጣ። ሚስቱን ጥሩነሽን ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። "ዳንግላ ሐኪም ዘንድ አድርስልኝ" አለኝ። የጭነት መኪናዬ ሞተር ይዞራል እንጂ አልነሣ አለ። ቤንዚን አልደርሰው ብሎ ይሆናል ብዬ ካርቡራተሩን ፈታሁ፤ አጥቤ ገጠምሁት። አሁንም እምቢ አለ። አየለ አላስችለው ብሎ፣ "እኛ በቃሬዛ እንቅደም፤ ሲነሣልህ ትደርስብናለህ" አለና ከወንድሞቹ ጋር ተሸክሟት በዝናብ ሄደ።

ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ያየሁት ከዚያ ብዙ ሰዓት ቆይቼ ነው። እሳት የላቸውም። እሳት የሚወስድላቸው ሽቦ ከቦታው ወልቋል። መልሼ ስሰካው መኪናው ወዲያው ተነሣ።

አዲስ ቅዳም ከተማ ልገባ ስል ደረስሁባቸው። ቃሬዛውን መሬት አውርደው ወንድሞቹ በቋንቋቸው በአውንጊ ያለቅሳሉ። አየለ ፊቷን በጋቢው ሸፍኖታል። ከነልጇ አልፋለች።

"አንተ ምን ታደርግ ወንድሜ፣ ብረት ነው" አለኝ።

አስከሬኗን በመኪናው ይዘን ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ከአጠገቤ ተቀምጦ ያመሰግነኛል። ከእሳቱ ብጀምር ኖሮ የሩብ ሰዓት ሥራ እንደነበር አልነገርሁትም። ነገ ቀብር ላይ ከጎኑ እንዴት እንደምቆም እንጃ።