መንታ መንገዱ ላይ ማን ነበር?

ሰኞ፣ የካቲት 4

ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ እንደተደፋሁ ዋልኩ። አንገቴ ደርቋል። ከሥራ ስመለስ የጀርባ ቦርሳዬን በውሃ ጠርሙስ ሞልቼ የፎቃችንን ደረጃ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። ጎረቤታችን ሴትዮ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ «ልጄ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» አሉኝ። ልምምድ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ዘጉት።

ሚያዝያ ላይ ከድንበር ማዶ ወዳለው ተራራ እንሄዳለን። ከአገር ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። የእግር ጉዞ ማኅበራችን ጅራት አድርጎ መርጦኛል። እኛ ዘንድ ፊት የሚሄደው ራስ ነው፣ መጨረሻ የሚመጣው ጅራት። ጅራት ከኋላዋ ሰው አታስቀርም። መንታ መንገድ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይቆማል፤ ጅራት ሳትደርስ ንቅንቅ አይልም። ሕጋችን ይኸው ነው፣ ሌላ የለንም።

ደስ ብሎኛል።

እሁድ፣ የካቲት 10

ዛሬ ልምምድ ላይ የማኅበራችን አዛውንት እቴቴ ወደቀች። ተገኝታለች፣ ሐኪም ቤት ናት… የቀረውን ነገ።

ሰኞ፣ የካቲት 11

ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው።

ጉም ነበር። እቴቴ እንደ ልማዷ ከፊቴ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ጡረታ የወጣች ርዕሰ መምህር ናት። ተራራ ላይ አንቱ ካልናት ትቆጣለች፤ «ሁላችንም እያለከለክን ምን አንቱታ አለ» ትላለች። የጫማዬን ክር ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ጉሙ ውጧታል። አልደነገጥኩም። ትንሽ አለፍ ሲል መንታው አለ፣ መንታው ላይ ሰው አለ፣ መንገዱን ያሳያታል።

ደረስኩ። ማንም የለም።

ተጣራሁ። ዱካው የሚበዛው በቀኝ ነው። እየሮጥኩ ወጣሁ። ከላይ ሁሉም ተቀምጠው ዳቦ ይቆርሳሉ። «እቴቴስ?» አልኩ።

«ካንቺ ጋር አይደለችም እንዴ?» አለኝ መሪያችን። ኮምፓስ እንለዋለን፤ ኮምፓሱ ካንገቱ ወርዶ አያውቅም።

«መንታው ላይ ማን ቆመ?»

መልሱን ሳልጠብቅ ተመለስኩ፣ በግራው ወረድኩ። ከአንድ ቋጥኝ ሥር አገኘኋት። የእጇ አንጓ ተሰብሯል፣ ግንባሯ ደምቷል። «አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። እስክንወርድ ድረስ ያንኑ ስትጠይቀኝ፣ ያንኑ ስመልስላት…

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ስብሰባ ነበር። ኮምፓስ ረጋ ብሎ ተነሳ። «መንታው ላይ እኔው ቆሜ ነበር። ጅራት መጥታ ነው የተነሳሁት። እቴቴን አልፋት መጥታለች። ጉም ነው፣ ሰው ናት፣ አልፈርድባትም።»

አልፈርድባትም አለ። ፈርዶ ሲያበቃ።

«እኔ ስደርስ አልነበርክም» አልኩ።

«እህቴ፣ ነገር አናክብድ።»

ዙሪያውን አየሁ። ሁሉም ጥፍሩን ያያል። የዚያን ቀን ከእቴቴ ቀድሞ ይሄድ የነበረው አባላችን፣ ሾፌሩ፣ ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ውሃ ጠጣ።

ነገሩ እስኪጣራ ታግጃለሁ፤ የሚያዝያውንም ጉዞ ጨምሮ። የሚያጣራው ኮምፓስ ነው። ከሳሹም እሱ፣ ዳኛውም እሱ።

እሁድ፣ የካቲት 17

ቤት ዋልኩ። እሁድ እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

እማዬ፣ «ደግ አደረጉ» አለች። «ሰው እግዜር የሰጠውን ሜዳ ትቶ ዳገት ይፈልጋል?»

እህቴ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ባል ፈልጊ ስንላት ገደል ስትፈልግ።»

«ገደል ቢያንስ አይዋሽም» አልኩ። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በኋላ ሳይ፣ ጭቃ የነካው ጫማዬ ታጥቦ፣ ቅርጹ እንዳይበላሽ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። እማዬ ናት።

ዓርብ፣ የካቲት 22

ሥራ ላይ የደም ናሙናዎቹን ስም አይቼ መልሼ አያለሁ። አለቃዬ፣ «ምነው፣ ፊደል እየቆጠርሽ ነው?» አለኝ።

ኮምፓስ ሰዎቹ እስኪያምኑት ድረስ ደጋገመው። አሁን እኔንም ሊያሳምነኝ ነው። እቴቴን ካለፍኳትስ? ጉሙ ውስጥ፣ ዳር ላይ ዐረፍ ብላ፣ ሳላያት… የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሄጄ መጠየቅ ነው። ለምን አልሄድም? ለማንም አልመለስ ባይዋ፣ አንዲት አሮጊት ፈርቼ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 26

ሄድኩ።

እጇ በጀሶ ታሽጎ ሶፋ ላይ ናት። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን ተቆልሏል። «እንዴት ነዎት?» አልኩ።

«ነዎት?» አለችኝ። «አሁን ገና ጡረታ የወጣሁ መሰለኝ።»

መቀመጥ አቃተኝ። «እቴቴ፣ አልፌሽ ነበር?»

«አላለፍሽኝም። መንታው ላይ ስደርስ ሰው የለም። ጉሙ ምንም አያሳይም። መንገዱ መስሎኝ ግራውን ያዝኩ።»

ያኔ ነው የተቀመጥኩት። «ይህንኑ ለሰዎቹ ንገሪልኝ።»

ብርቱካኑን አየች። «ኮምፓስ ነው ያመጣው። የእህቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት እዚች ሶፋ ላይ ነው ያደገው። በሰው ፊት አላዋርደውም። አትለምኚኝ።»

አላውቅም ነበር። ግን ቢሆንስ? «እኔስ ሜዳ ላይ የበቀልኩ ነኝ? እኔን ያሳደገ የለም?» አልኳት።

የቀረበልኝን ሻይ ሳልጠጣ ወጣሁ። እውነቱ እጄ ውስጥ አለ፤ የማሳየው ግን የለም። ከዚህ አለማወቅ አይሻልም ነበር? አይሻልም።

እሁድ፣ መጋቢት 8

ዛሬ ማኅበሩ እዚያው ተራራ ላይ ልምምድ እንዳለው ሰምቼ ነበር። ቀድሜያቸው ወጣሁና መንታው ላይ ቆምኩ። አንዴ ልመለስ ሁሉ ብዬ ነበር።

ኮምፓስ ቀድሞ መጣ፣ ሌሎቹ ተከትለውት። «ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቆሜያለሁ።»

«ማን አቆመሽ?»

«ሕጉ። ጅራት እስኪመጣ አልነሳም። የዚያን ቀን አንተ መቼ ተነሳህ?»

«ታግደሻል እኮ።»

«ከማኅበሩ ነው የታገድኩት፤ ከተራራው አይደለም።»

አንዱ ሊስቅ ሲል ዋጠው። ኮምፓስ፣ «እንሂድ» ብሎ ዳገቱን ያዘ። ሾፌሩ ግን አንድ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ጫማውን እያየ ተናገረ። «መንታው ላይ አንተ አሳለፍከኝ። ዳገቱ ሳያልቅ ከኋላዬ እየሮጥክ አለፍከኝ። ያኔ እቴቴ ገና አልመጣችም።»

«ዝናብ እየመጣ ነበር» አለ ኮምፓስ።

እንዲህ ብቻ። ዝናብ እየመጣ ነበር። የወር እንቅልፌን የበላው ነገር ይኸው ነው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኮምፓስ ጥቂት ጠብቆ ብቻውን ወጣ። ሾፌሩ ቀስ ብሎ፣ «ራስ ያለ አካል የት እንደሚደርስ እናያለን» አለ። እኔ ግን ተናድጄበት ነበር። «ጉሮሮህን እስክትጠርግ ወር ሙሉ ፈጀብህ?» አልኩት።

«ልክ ነሽ» አለ። ሌላ አልጨመረም። ጥሩ አደረገ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 12

እገዳው ተነሳ። ኮምፓስ መሪነቱን ለቀቀ። አንቺ ምሪን አሉኝ። እኔ ጅራት ነኝ፣ ፊት መሄድ አላውቅም፤ ፊት የሚሄድ ሰው ኋላውን እንዴት አምኖ ይራመዳል?

እቴቴ ደወለች። «ያሳደግኩትን አላዋርድም ብዬሻለሁ። ቃሌ ቃል ነው። ከማን ኋላ እንደምሄድ ግን የምመርጠው እኔ ነኝ። ጅራት ከጠፋ እኔ አለሁ።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ሻይሽ ቀዝቅዟል» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 22

ከድንበር ማዶ። ቆርቆሮ ክዳን ያላት የተራራ ማረፊያ ውስጥ ነኝ፤ ካልሲዎቻችን ምድጃው ላይ ተሰቅለዋል፣ ሽታው አይነገርም። ኮምፓስ አልመጣም። ትንሽ ቅር ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ ከሰዓት እኔ ራስ፣ እቴቴ ጅራት ሆነን ስንወጣ ጉም ወረደ። ቀጥሎ መንታ መንገድ። እኔው ቆምኩ። ሁሉንም በቀኝ አሳለፍኩ። ሾፌሩ መጨረሻ መጣ። እቴቴ የለችም። «መጣች፣ መጣች» አለኝ። ከዚያ ነጎድጓድ። ዝናቡ ጀመረ። «ላይ ሆነሽ ብትጠብቂያትስ?» አለኝ፣ ክፋት ሳይኖረው።

አሁን ገባኝ። እንዲህ ነው የሚሆነው። አንድ እርምጃ ናት፣ ቀላል ናት፣ እግር ራሱ ይሄዳል። ኮምፓስን ይቅር አላልኩትም። ግን የዛን ቀን የት ላይ ቆሞ እንደነበር አየሁት።

«ሂድ አንተ» አልኩት።

ጃኬቴ በሰበሰ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ብትወድቅስ? እጇ ገና አልጠናም… ሮጬ ልመለስ አሰኘኝ፣ ሮጬ ልወጣም አሰኘኝ። ቆምኩ።

የበትር ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ ማለክለክ።

«አንቺ ነሽ?» አለች ከጉሙ ውስጥ።

«እኔ ነኝ። ከኋላሽ ሰው አለ?»

«ማንም።»

ዞርኩና ወደ ላይ መንገዱን ያዝኩ። አንድም ጊዜ ወደ ኋላዬ አላየሁም።